ያልተዘረጉ ፎጣዎች

ከሟቹ ባሌ በቀር ለማንም ተናግሬ የማላውቀውን ነገር መጀመሪያ ላይ ላስቀምጠው። ወደ ኋላ ካቆየሁት እንደ ልማዴ እሸሽገዋለሁ። የዛሬ አሥራ አምስት ዓመት፣ በ1984፣ አንዲት ሴት በእንግሊዝኛ የተጻፈ ደብዳቤ ይዛ መጣችና «አንብቢልኝ» አለችኝ። አነበብኩት። ከዚያ በውስጡ የሌለ ነገር ነገርኳት።

ደብዳቤው የሆቴሏን ስምና ምልክት ካከራያት ኩባንያ የመጣ ነበር። «ከእርስዎ ሁለት ማይል ርቀት ላይ፣ በዚሁ በስማችን፣ ሌላ ሆቴል ለመክፈት ማመልከቻ ቀርቦልናል። ተቃውሞ ካለዎት በሠላሳ ቀን ውስጥ ይጻፉልን» ይላል። አመልካቾቹ ያኔ አሥራ ሁለት ክፍል ያላት ትንሽ ማደሪያ የነበረን ባሌ ቻምፓክና እኔ ነበርን። እኔ ግን ዓይኔን ከወረቀቱ ሳላነሳ፣ «ፎጣዎቻችሁን በወፍራም ፎጣ ቀይሩ ነው የሚለው፤ መልስ አይፈልግም» አልኳት። አመስግናኝ ወረቀቷን አጣጥፋ ሄደች። ሠላሳው ቀን አለፈ። የእኛ ሆቴል ተሠራ። የእሷ በአራት ዓመት ውስጥ ጠፋ።

ከዚህ በታች ያሉት ደብዳቤዎች ባለፈው ወር ከባሌ ታላቅ እህት ከሻርዳ ጋር የተጻጻፍናቸው ናቸው። እሷ ካሊፎርኒያ፣ ቤከርስፊልድ ናት፤ እኔ እዚህ ቴኔሲ። የእሷን ዋናውን አስገብቻለሁ፤ የእኔን ከደብተሬ ገልብጫለሁ። ትምህርት ቤት ስላልገባሁ ማንኛውንም ደብዳቤ መጀመሪያ በደብተር ላይ ነው የምጽፈው። ሻርዳ ፈቅዳልኛለች። ኃይለኛ ቃሎቿን አላወጣሁም። ከሰው ደብዳቤ ላይ አንድ ጊዜ ቃል አውጥቻለሁ፤ ይበቃኛል።

ኮኪላ
ሚልበርን፣ ቴኔሲ
ኤፕሪል 6 ቀን 1999

*

ማርች 5 ቀን 1999

ለተከበርሽው እትዬ ሻርዳ፣

እንደምን ሰነበትሽ? የጉልበትሽ ነገር እንዴት ሆነ? የእኔን ጠይቀሽኛል። ደረጃ ስወጣ ይጮኻል፣ ስወርድ ዝም ይላል። ስለዚህ መውረዱን እኔ ይዤ መውጣቱን ለጽዳት ሠራተኞቹ ትቼላቸዋለሁ።

በመዘግየቴ ይቅርታ አድርጊልኝ። «ድምፅሽ ምን ሆነ፣ ጉንፋን ነው?» ብለሽ ነበር። ጉንፋን አልነበረም። የዚያን ዕለት ጠዋት ፖስተኛው በፊርማ የሚወሰድ ደብዳቤ አምጥቶልኝ ነበር። ስልክ ላይ ልነግርሽ አስቤ ቃሉ አልወጣልኝም። ታውቂኛለሽ፣ እኔ እስክሪብቶ ካልያዝኩ አፍ የለኝም።

ደብዳቤው ከኩባንያው ነው። በአውራ ጎዳናው መውጫ 34፣ ከእኛ በላይ አንድ ማይል ላይ፣ የድሮው የእንጨት መሰንጠቂያ የነበረበት ቦታ ላይ፣ ሰባ ሁለት ክፍል ያለው አዲስ ሆቴል ሊሠራ ነው። ምልክቱ ያው የእኛው ሰማያዊ ጃንጥላ። ተቃውሞ ካለኝ እስከ ኤፕሪል 1 በጽሑፍ እንዳቀርብ፣ ከፈለግሁም አዲሱ ሆቴል የእኔን ምን ያህል እንደሚጎዳ እንዲጠና መጠየቅ እንደምችል ይናገራል። መዝገበ ቃላቱን አውጥቼ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ሁሉንም ቃል አውቀው ነበር። እንዲያው አንዱ ቃል ሌላ ትርጉም ቢኖረው ብዬ ነው።

ውላችን ምን እንደሚል ማየት ፈለግሁ። ከብረት ሣጥኑ አወጣሁት። ዙሪያችንን ሦስት ማይል ድረስ ሌላ ጃንጥላ አይተከልም ይላል። ከግርጌው ግን «ለአሥር ዓመት» የሚል አለ። አጥሩ ከወደቀ አምስት ዓመቱ ነው፤ እኔ ግን ከውስጡ ያለሁ መስሎኝ አንሶላ እየተኮስኩ እኖር ነበር።

ምን ላድርግ? አንቺ ከዚህ በፊት ተሟግተሽ ስለምታውቂ ነው የምጠይቅሽ። ከልብስ ማጠቢያው ጀርባ ባሚያ ልዘራ መሬቱን አዘጋጅቼዋለሁ። ሌላ አዲስ ነገር የለም።

ታናሽሽ ኮኪላ

*

ማርች 10 ቀን 1999

ሙሽራዬ ኮኪላ፣

(ቤታችን ከገባሽ አርባ ዓመት ሆነሽ፤ ለእኔ ግን አሁንም ሙሽራ ነሽ። ከፈለግሽ ተቆጪ።)

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ አንዴ በመነጽር፣ አንዴ በንዴት። ምን ላድርግ ትያለሽ እንዴ? ትቃወሚያለሻ! ባሚያ ትዘሪያለሽ ወይስ ቤትሽን ትጠብቂያለሽ?

ኩባንያው ምን ቸገረው? በአንድ መስክ ላይ ሁለት ላም ቢያሰማራ ከሁለቱም ያልባል። ሣሩ ሲያልቅ የምትከሳው ላሟ ናት እንጂ አላቢው አይደለም። መንገደኛው የቦታ ማስያዣው ስልክ ላይ ደውሎ «ሚልበርን ላይ ጃንጥላ አላችሁ?» ሲል የትኛውን የሚሰጡት ይመስልሻል? አዲሱን ነዋ! የአሥራ አምስት ዓመት ምንጣፍ ይዘሽ ከትናንት ምንጣፍ ጋር ልትወዳደሪ ነው። ሌላ ስም ያለው ሆቴል ቢመጣ እሺ፤ ከጠላት ጋር ይሟገቱታል። የገዛ ስምሽ ሲመጣብሽ ግን በማን ላይ ትጮኺያለሽ?

እዚህም በእኔ ሆቴል ላይ ሞክረውብኛል። ወዲያው ጻፍኩ፣ ጥናት ጠየቅሁ። የሚያጠና ሰውዬ ላኩ፤ መኪና ማቆሚያው ውስጥ ቁጭ ብሎ የመኪኖቹን ሰሌዳ የሚቆጥር፣ እንግዶቹን ከየት እንደመጡ የሚጠይቅ ቀጭን ልጅ። ሦስት ቀን ሙሉ ሩዝና ምስር አንድ ላይ ቀቅዬ አበላሁት። በአራተኛው ቀን ሪፖርቱን ጽፎ ሸሸ። ሆቴሉ ሳይሠራ ቀረ። በሪፖርቱ ይሁን በምስሩ እስካሁን አላውቅም።

አሁን ስሚኝ። የእንግዶችሽን መዝገብ አውጪ፣ የአምስት ዓመቱን። አንቺ ጋ የሚያድሩት የድልድይ ሠራተኞች መቼ መቼ እንደሚመጡ፣ በክረምት ስንት ክፍል ባዶ እንደሚያድር ጻፊ። ረቂቁን እኔ አዘጋጅልሻለሁ።

አንድ ነገር ግን አልገባኝም። ኩባንያው እንዲህ ያለ ደብዳቤ ሲጽፍ የአመልካቹን ስም ይጽፋል። አንቺ ሁሉንም ነገርሽኝ፤ የእንጨት መሰንጠቂያውን ሳይቀር። ስሙን ለምን ዘለልሽው? የእኛ የሕንድ ሰው ነው አይደል? የእኛ ሰው ከሆነ ደግሞ ይበልጥ ተቃወሚ፤ ባዳ ቢሆን ቢያንስ ሠርግ ላይ አታገኚውም።

ደግሞ አትርሺ። ያንቺ ሆቴል መሠረት ውስጥ የሠርግ አምባሮቼ አሉ። ወንድሜ «ትንሽ ጎደለኝ» ብሎ ሲደውል ሳሙና ቀብቼ ከክንዴ ያወለቅኋቸው አራት አምባሮች። አስታውሼሽ አላውቅም። ዛሬ አስታወስኩሽ።

ሻርዳ

*

ማርች 17 ቀን 1999

እትዬ ሻርዳ፣

ስሙን የዘለልኩት ረስቼ ነው ብል ውሸት ይሆናል። ይቅር በይኝ። አመልካቿ ራንጃን ናት፣ የዳሂ ልጅ። በመውጫ 31 ላይ አርባ ክፍል የነበራት ዳሂ። አንድ ጊዜ አግኝተሻታል፤ የቆርቆሮ ማንጎ ቀድታ «ከመንደራችን በአውሮፕላን የመጣ ነው» ብላ ያሳመነችሽ፣ አንቺም መንደሩን በጣዕሙ ያወቅሽው።

ከዚያ በኋላ ቤቷ ምን እንደሆነ ሰምተሻል። እኛ ከተከፈትን በአራተኛው ዓመት ጃንጥላውን አወረዱባት፤ ቀጥሎ ባንኩ ወሰደው። እሷና ባሏ ቻታኑጋ ሄደው የሰው ሆቴል ውስጥ አልጋ ሲያነጥፉ ኖሩ።

ራንጃን እሑድ ዕለት ራሷ መጣች። እንግዳ መቀበያው ላይ ቆሜ ነበር።

«አክስቴ፣ አወቁኝ?» አለችኝ።

«በጥርስሽ» አልኳት። ፍንጭቷ የእናቷ ነው።

ወዲያው ጎንበስ ብላ እግሬን ነካች። እግሬን ልሰበስብ ፈልጌ ነበር፤ ባንኮኒው ከኋላዬ ያዘኝ። የወተት ጣፋጭ የሞላበት ካርቶን አስቀመጠችልኝ።

«እናቴ ናት የሠራችው። በዳበሳ ነው የምትሠራው፤ ቅርጹን አይዩባት።»

«ዓይኗን ምን ሆነች?»

«ስኳሩ ወሰደው፣ ሦስት ዓመቱ። አሁን ብርሃንና ጨለማ ብቻ ነው የምትለየው። አፏ ግን ደህና ነው፤ ባሌን ይጠይቁት።»

ሳቅሁ። ከዚያ መሳቄ ከበደኝ። ዝንጅብል ያለበት ሻይ አፈላሁላት።

«ወረቀቱ ደረሰዎት?»

«ደርሶኛል።»

«ወረቀቱ ሳይቀድመኝ ልመጣ ነበር። ልጄን አሟት ቀረሁ። ይቅርታ ያድርጉልኝ። እናቴ "እኛ ላይ እንደተደረገው እንዳታደርጊ፤ ፊት ለፊት ሄደሽ ንገሪያት" ብላኝ ነበር።»

«እናንተ ላይ ምን ተደረገ?» አልኳት። ለምን እንደጠየቅሁ አላውቅም፣ እትዬ ሻርዳ።

«ኩባንያው "ደብዳቤ ልኬላችሁ ፈርማችሁ ተቀብላችኋል" ይላል። እናቴ ደግሞ እንዲህ ያለ ደብዳቤ ደርሶኝ አያውቅም ትላለች። በኋላ ፊርማዋን አሳዩዋት። የራሷ ነው። "እንግዲያው ሳላውቅ ከጋዜጣ ጋር ጥዬዋለሁ፤ አለማንበቤ ነው ቤቴን ያፈረሰው" አለች። አባቴም እስኪሞት ድረስ ይኸንኑ ይነግራት ነበር።»

«በእኛስ አልተቀየመችም?»

«በእናንተ? "እነሱ ምን ያድርጉ፤ ተፈቀደላቸው፣ ሠሩ። መልስ ያልሰጠሁት እኔ ነኝ" ነው የምትለው። ሁልጊዜ የሚቆጫት አንድ ነገር ነው። "ያንን ደብዳቤ ለኮኪላ ወስጄው ቢሆን ኖሮ፤ ኮኪላ ቀጥ አድርጋ ታነብልኝ ነበር" ትላለች።»

ኩባያዬን አስቀመጥኩ። ራንጃን ከቦርሳዋ አንድ ወረቀት አወጣች። «ተቃውሞ የለኝም» የሚል ነው፣ ከፈረምኩበት ጥናት ሳይደረግ በበጋው ሥራ ይጀምራሉ። «ባይፈርሙም አልቀየምም። ያለኝን ሁሉ እዚህ ላይ ነው የጣልኩት፤ ግን የእርስዎም ቤት ነው። የሚሉትን ፊት ለፊት ይበሉኝ» አለች። «ተይልኝ፣ ላስብበት» አልኳት። ስትወጣም እግሬን ነካች።

ጣፋጩን አልቀመስኩትም። ተቃውሞውንም አልጻፍኩም። መዝገቦቹን ግን እንዳልሽው አውጥቻለሁ።

ኮኪላ

*

ማርች 22 ቀን 1999

አንቺ ሙሽራ፣

ጣፋጭ! በአንድ እጇ ጣፋጭ በሌላው ቆፋሪ መኪና ይዛ መጥታ አንቺ ሻይ ታፈያለሽ። እግር የሚነካ ሁሉ ምርቃት ፈልጎ አይደለም፤ ጫማሽን የሚለካም አለ።

ዳሂ ደግ ሴት ናት፤ አልካድኩም። በማንጎው ግን አልማርኳትም። ዳሂ ደግ ስለሆነች ያንቺ ክፍሎች አይሞሉም። ልጅቷም ጨዋ ናት እሺ። ጨዋዋ ልጅ ሆቴሏን ስትከፍት ያንቺ የድልድይ ሠራተኞች ሄደው በእሷ አዲስ ገንዳ ይዋኛሉ። ክፍልሽ ባዶ ያድራል፣ ኩባንያው «አድሺ» ይልሻል፣ ማደሻ ታጫለሽ፣ ጃንጥላውን ያወርዱብሻል። ዳሂ ላይ የሆነውን አንቺ ነሽ ከማንም አስቀድመሽ ያየሽው። ስልሳ አራት ዓመትሽ ነው፤ የት ሄደሽ ነው አልጋ የምታነጥፊው?

ረቂቁ ከዚህ ጋር አለ። ቁጥሮቹን ከመዝገብሽ ሙይና ፈርሚ። ኤፕሪል 1 ሐሙስ ነው።

አሁን ደግሞ የማልጠይቅሽን ልጠይቅሽ። የወንድሜ የመጨረሻው ሳምንት፣ ሆስፒታል አጠገቡ ተቀምጬ፣ አንቺ ልብስ ልትቀይሪ ቤት ሄደሽ ነበር። «ሻርዳ፣ ኮኪላን ፎጣዎቹን መልሺላት በያት» አለኝ። ትኩሳት መሰለኝ። ሆቴል ለሠራ ሰው ከፎጣ ሌላ ምን ይመጣለታል ብዬ ለራሴ ሳቅሁ። ደብዳቤሽን ካነበብኩ ወዲህ ግን አልሳቅሁም። ለማን ነው የምትመልሽው?

ያለብሽን ነገር አላውቅም። ካለብሽ ግን ከራስሽ ክፈይ፤ በእኔ አምባር አትክፈይ። ደግሞ አውቅሻለሁ፤ ዝም ብለሽ ቀኑን አሳልፈሽ «ለድሃ ልጅ ተውኩላት» ብለሽ ልትተኚ ነው። ዝም ማለት ስጦታ አይደለም፣ ኮኪላ። ሰው ሲሰጥ እጁ ይታያል።

ሻርዳ

*

ማርች 26 ቀን 1999

እትዬ ሻርዳ፣

አወቅሽብኝ። ያሰብኩት እሱኑ ነበር። ኤፕሪል 1ን ባሚያዬን ውሃ እያጠጣሁ ላሳልፍ፣ ሆቴሏ ይሠራ፣ የእኔ ይጥፋ፣ ሒሳቡም ይዘጋ ብዬ ነበር። ደብዳቤሽን ይዤ አንሶላ ክፍሉ ውስጥ ብዙ ተቀመጥኩ።

ፎጣዎቹ እዚያው ክፍል ውስጥ ከላይኛው መደርደሪያ ላይ አሉ። ስድስት ናቸው፤ ነጭ፣ ጠርዛቸው ሰማያዊ፣ በቀይ ክር የታሰሩ። ለማን እንደሚመለሱ ጠይቀሽኛል። ዛሬ አልመልስልሽም፤ ይቅር በይኝ። ከአንቺ አስቀድሜ ልነግረው የሚገባኝ ሌላ ሰው ስላለ ነው። ወንድምሽ መናገሩን ግን ስላሳወቅሽኝ አመሰግንሻለሁ። እስኪሞት ድረስ ሰባት ዓመት አብረን አንድ አልጋ ላይ ስለ አንድ ነገር ዝም እንበል ያልን ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ዝም ያልኩት እኔ ብቻ ነኝ።

ስለ ሆቴሉ ያልሽው ሁሉ እውነት ነው። ረቂቅሽን ሞላሁ። ቁጥሮቹ ያንቺን ንዴት ያህል ባይሆኑም ይበቃሉ። ከአሥር እንግዳ ስድስቱ በኩባንያው ስልክ ደውለው የሚመጡ ናቸው። በክረምት ግማሹ ክፍል ባዶ ነው። አዲሱ ከተከፈተ ሁለት ዓመት የምቆይ አይመስለኝም። ሦስቱ የጽዳት ሠራተኞቼ ከእኔ ጋር ነው ያረጁት። አሥራ ሁለት ክፍል ብቻ ከነበረን ጊዜ ጀምሮ ክፍል 7ን በየኖቬምበሩ የሚይዙት ሽማግሌ፣ መዝገበ ቃላታቸውን ረስተው ሄደው፣ በሚቀጥለው ዓመት ስመልስላቸው «አንቺ ጋ ይቆይ፤ እኔ ቃላቱን ጨርሻቸዋለሁ» ያሉኝ፣ አሁንም ይመጣሉ። እኔ እንግሊዝኛ ማንበብ የተማርኩት በእሳቸው መጽሐፍ ነው። ያንን ክፍል የሚዘጋ ነገር አልወድም። ይህንንም እንድታውቂልኝ እፈልጋለሁ፤ ቤቴን ጠልቼ አይደለም።

አንድ ነገር ልለምንሽ። ምክንያቱን አሁን ሳትጠይቂኝ አምባሮቹን ልትተዪልኝ ትችያለሽ? አልችልም ብትዪ መብትሽ ነው፤ አልቀየምም። ሁለተኛው ልመናዬ፣ በዚህ ወር የጻፍሽልኝን ደብዳቤዎች ለአንድ ሰው ባነብብ ትፈቅጂልኛለሽ?

ኮኪላ

*

ማርች 29 ቀን 1999

ኮኪላዬ፣

አንድ ቀን ሙሉ ተቆጣሁ። ማታ እራቴን በላሁና ንዴቱ አብሮ ወረደ፤ እርጅና ንዴትን እንኳ አያቆይም።

አምባሮቹን ለሕንፃ አይደለም የሰጠሁት፤ ለወንድሜ ነው። ወንድሜም ሄዷል። ክንዴ አሁን የመጥረጊያ እንጨት አክሏል፤ ብታመጪልኝም በክርኔ በኩል አልፈው ይወድቃሉ። ስለዚህ ተውኩልሽ። እጄን እያየሽ ነው የሰጠሁሽ፤ ልብ በዪ።

ግን ተቃውሞውን በቀኑ ላኪ። የቤት መብት በዝምታ አይጣልም። ልትተዪውም ከሆነ መጀመሪያ በእጅሽ ያዢው፤ ያልያዝሽውን ነገር እንዴት ትሰጪያለሽ? ጥናቱ እስኪያልቅ ድረስ ተቃዋሚው በአንድ ወረቀት ተቃውሞውን ማንሳት ይችላል። ይሄን አውቃለሁ፤ እኔን ራሴን ስንቴ ለምነውኛል!

ደብዳቤዎቼን ለፈለግሽው ሰው አንብቢ። «ጨዋዋ ልጅ» ያልኩበት ቦታ ላይ ድምፅሽን ለስለስ አድርጊልኝ። የፎጣውን ነገር ደግሞ ከሞትኩ በኋላ እንዳትነግሪኝ፤ ያኔ መስማት አቆማለሁ።

ሻርዳሽ

*

ተቃውሞውን ማርች 31 በፊርማ ላክሁ። ከቁጥሮቹ አንዱንም አልጨመርኩም፣ አንዱንም አልቀነስኩም። ኩባንያው ተቀብሎታል፤ የሚያጠናው ሰው በሜይ ይመጣል።

እህቴ ዳሂ፣ አሁን ካንቺ ጋር ነኝ።

ያቺ ቀን ማክሰኞ ነበረች፤ ደብዳቤዎችሽን ሁልጊዜ ማክሰኞ ነበር የምታመጪልኝ። ባልሽ አባቱን ሊቀብር አገር ቤት ሄዶ ነበር። ራንጃን አሥራ ሁለት ዓመቷ ነበር፤ «ታንብብልሽ» ስልሽ «የትልቅ ሰው ወረቀት ልጅ ያስረጃል» ብለሽ ስቀሽ ነበር። ደብዳቤውን ሰጠሽኝ። የእኔን ስም የገዛ ዓይኔ አየው። የዋሸሁት በዚያች ቅጽበት ነው፤ ቻምፓክ አልመከረኝም፣ አላስገደደኝም። ፎጣ ለምን እንዳልኩ እስከ ዛሬ አላውቅም። ምናልባት በእጄ ፎጣ እያጠፍኩ ስለነበር ይሆናል።

አንቺ ግን አመንሽኝ። ለአርባ ክፍል ወፍራም ፎጣ ገዛሽ። በሦስተኛው ሳምንት ስድስቱን በቀይ ክር አስረሽ «ባትነግሪኝ ኖሮ ይቀጡኝ ነበር» ብለሽ አመጣሽልኝ። ገና አሥራ አንድ ቀን ቀርቶሽ ነበር። ልነግርሽ እችል ነበር። ሻይ አፈላሁልሽ። ቻምፓክ ማታ ገብቶ ፎጣዎቹን ሲያይ ከየት እንደመጡ ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። «ጥሩ ፎጣ ነው» አለና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ከዚያ ወዲያ አንስቶብኝ አያውቅም።

ደብዳቤው ደርሶሽ ነበር፣ ዳሂ። ከጋዜጣ ጋር አልጣልሽውም። ለእኔ አምጥተሽው ነበር። ባልሽ እስኪሞት የወቀሰሽ በእኔ ኃጢአት ነው። ቤትሽን ያፈረሰው ያንቺ አለማንበብ አይደለም፤ የእኔ ማንበብ ነው።

ከዚህ ጋር አንድ ወረቀት አለ። ተቃውሞዬን አንስቻለሁ ይላል። ፈርሜበታለሁ፤ ቀኑን ባዶ ትቼዋለሁ። አድራሻው ፖስታው ላይ ተጽፏል። ራሴ ልልከው አስቤ ነበር። ከዚያ እንደገና ካንቺ ጀርባ በወረቀት ልወስንልሽ መሆኔን አየሁ። ከላክሽው ራንጃን በበጋው ትጀምራለች፤ እኔ ጃንጥላውን አውርጄ የድሮዎቹን አሥራ ሁለት ክፍሎች ይዤ እቀመጣለሁ፤ አዝኛለሁ፣ ግን አልከስሽም። ካልላክሽው ሰውዬው መጥቶ ያጥናን፤ እውነቱ የፈረደውን እንቀበላለን። ስለ እኔ ብለሽ ወደ አንዱ እንዳታጋድዪ። ይቅርታ ልጠይቅሽ ይገባኛል፤ ጠየቅሁሽ። መልስ ግን አላስቸኩልሽም፤ ለእኔ መልስ መስጫ ሠላሳ ቀን የሚባል የለም።

ራንጃን፣ የእኔ ልጅ፣ ይህን የምታነብቢው አንቺ ነሽ። ስለ አባትሽ የተጻፈው ላይ ስትደርሺ ድምፅሽ ቢሰበርብሽ ቆም በዪ፣ ውሃ ጠጪ፣ ከዚያ ቀጥዪ። እናትሽን ለማሳረፍ ብለሽ አንድም መስመር እንዳትዘዪ። የዘለለ ሰው ምን እንደሚሆን ከእኔ እወቂ።

የዚህ ሁሉ ግልባጭ ለሻርዳ ይሄዳል፤ ስለ ፎጣው በሕይወት ሳለች እንድትሰማ። ዋናው ግን በአንድ ጥቅል ነው። ጥቅሉ ሲከፈት እጅሽ መጀመሪያ የሚያገኘው ፎጣዎቹን ነው፣ ዳሂ፤ በዳበሳ ታውቂያቸዋለሽ። ክሩ ያንቺው ቋጠሮ ነው። አንድ ቀን አልዘረጋኋቸውም። ከሥራቸው ወረቀቶቹ አሉ።

ጥቅሉ ላይ የጻፍኩት ስም ይህ ነው፦ ለእህቴ ለዳሂ፣ በልጇ በራንጃን ቤት፣ ቻታኑጋ።